አንድ መጥበሻ ዶሮ ለአራት አገር፦ የቻይና ቴክ አዌይ ምግቦችን በቤታችሁ መሥራት

ሙምባይ ያደገ ሰው «ዛሬ ቻይኒዝ እንብላ» ካላችሁ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት፣ አፍ የሚያቃጥል ዶሮ ማለቱ ነው። ኒው ዮርክ ያደገው ጣፋጭ ቡናማ ሶስ የለበሰ ዶሮ ያስባል። ለንደን ያደገው አጠገቡ ችፕስ ይፈልጋል። ደብሊን ያደገው ደግሞ በወረቀት ከረጢት ተቀብሎ በእጁ ይበላል። አራቱም የሚያወሩት ስለ ቻይና ምግብ ነው። ትናንት ከቤጂንግ የመጣ ሰው ግን አንዱንም ላያውቀው ይችላል።

ይሄ ነገር ለእኔ የገባኝ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ከተማው ውስጥ «ኬሪ አውት» የሚባሉ ጠባብ ቤቶች አሉ። በመስኮት ታዛላችሁ፣ በመስኮት ትቀበላላችሁ። በብዙዎቹ የሚሠሩት ቻይናውያንና ኮሪያውያን ናቸው። የሰፈሩ ሰው የሚያዘው ግን የዶሮ ክንፍና ፍራይድ ራይስ ነው፤ ላዩ ላይ ማምቦ ሶስ ይፈስበታል። ማምቦ ሶስ ቀይ፣ ጣፋጭና ቆምጠጥ ያለ ነው። ከቻይና የመጣ አይደለም፤ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ያሳደገው ጣዕም ነው። አብሳዩ ከሩቅ መጣ፣ ሶሱን ግን ደንበኛው አመጣው።

ከዚያ ወዲህ የቻይና ቤት ሜኑ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ አነባለሁ። ቤቴም እየሠራሁ ሞከርኩ። ያገኘሁት ይሄን ነው፦ ዶሮው የሚጠበስበት መንገድ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። የሚለየው ከዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚገጥመው ነገር ነው። ስለዚህ አጠባበሱን አንዴ ከቻላችሁበት የአራት አገር ምግብ እጃችሁ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው መጠን ሁሉ ለአራት ሰው ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ሩዙን ከዋዜማው ቀቅሉ

ፍራይድ ራይስ የሚሠራው ባደረ ሩዝ ነው። ትኩስ ሩዝ እርጥበት ስላለው መጥበሻ ላይ ይጣበቃል፣ ይላቁጣል። ያደረው ግን ፍሬ በፍሬ ይለያያል።

400 ግራም ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ ውሰዱ። ባስማቲም ጃዝሚንም ይሆናል። ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። በአንድ ሲኒ ሩዝ አንድ ሲኒ ተኩል ውሃ ለኩ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ከድኑት፣ 15 ደቂቃ ተዉት። ክዳኑን እየከፈታችሁ አታማስሉ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ያልበቃችሁ ለዚህ ነው። ሦስት አራት ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃም አክሉበት።

ሲበስል ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉትና ይቀዝቅዝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ይሄን የምለው እንዲያው ለወጉ አይደለም። የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲያድር የሚራባ ባክቴሪያ አለ፤ የሚተወው መርዝ ደግሞ ሩዙን መልሳችሁ ብታሞቁትም አይጠፋም። ፍሪጅ ካደረ በማግስቱ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ አታሳልፉት።

ደረጃ 2፦ ዶሮውን አዘጋጁ

600 ግራም አጥንት የሌለው የዶሮ ጭን ሥጋ ያስፈልጋችኋል። የደረት ሥጋም ይሆናል፤ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሁለት ጊዜ ስለምንጠብሰው ስብ ያለው የጭን ሥጋ ይሻላል። አውራ ጣት በሚያክል መጠን ቁረጡት። ቁርጥራጩ እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይሆናል።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ የአንድ እንቁላል ነጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። ዶሮውን በእጃችሁ እሹት። 30 ደቂቃ ይቀመጥ። ቻይናውያን አብሳዮች ሥጋን የሚያለሰልሱት በዚህ ነው። እንቁላሉና ስታርቹ ሥጋውን እንደ ቀጭን ልብስ ይሸፍኑታል፤ ውሃው ውስጡ ይቀራል።

በሌላ ሳህን 100 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 50 ግራም ፊኖ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ቀላቅሉ። ዶሮውን አንድ በአንድ እያገላበጣችሁ በደንብ ተጭናችሁ አልብሱት። ከዚያ 10 ደቂቃ ትሪ ላይ አስቀምጡት። ይህችን 10 ደቂቃ አትዝለሏት። ዱቄቱ ከሥጋው እርጥበት ጠጥቶ ይይዛል፤ አለዚያ ዘይት ውስጥ ይረግፋል።

ለምን ስታርች በዛ? የስንዴ ዱቄት ግሉተን ስላለው ቅርፊቱ ይጠነክርና ቶሎ ይለሰልሳል። የበቆሎ ስታርች ግን ቀጭንና ተሰባሪ ቅርፊት ይሰጣል። ሶስ ሲነካውም ቶሎ እጅ አይሰጥም።

ደረጃ 3፦ ሁለት ጊዜ ጥበሱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ዶሮው የሚጠበሰው ሁለት ጊዜ ነው።

ጠለቅ ያለ ድስት ውሰዱና ዘይት ግማሹ እስኪሞላ ብቻ ጨምሩ። የመጀመሪያው ሙቀት 160 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ንከሩ። ዙሪያው ትናንሽ አረፋ ቀስ ብሎ ከወጣ ደርሷል። ዶሮውን በሦስት ዙር ከፋፍላችሁ ጨምሩ። አንዴ ከደፋችሁት ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ዶሮውም ዘይት ይጠጣል። አራት አምስት ደቂቃ ጠብሱና በወንፊት አውጡት። በዚህ ጊዜ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። አትደንግጡ።

አሁን አምስት ደቂቃ ይረፍ። በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ቅርፊቱ እየወጣ ያረጥበዋል። ሁለተኛው ጥብሻ ያንን እርጥበት ያባርርለታል።

ዘይቱን ወደ 190 ዲግሪ አሙቁት። አሁን ማንኪያውን ስትነክሩት አረፋው ወዲያው ይንተከተካል። ዶሮውን መልሱት፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ወርቃማ ሲሆንና በጭልፋ ስትነኩት ድንጋይ እንደመታ ሲንኳኳ አውጡት። አንድ ትልቁን ቁራጭ ከፍታችሁ እዩ፤ ውስጡ ሮዝ መልክ ሊኖረው አይገባም።

ዘይቱ በእሳት ከተያያዘ ውሃ በፍጹም አትድፉበት። እሳቱን አጥፉ፣ ክዳን ግጠሙበት፣ አታንሱት። ልጆች ካሉ ደግሞ የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር።

ደረጃ 4፦ አገር ምረጡ

አሜሪካ፦ የጄኔራል ጾ ዶሮ

ይሄ አሜሪካ ውስጥ ከሚታወቁት የቻይና ቤት ምግቦች ዋነኛው ነው። የተሰየመለት ዙኦ ዞንግታንግ («ጾ» የዙኦ ሌላ አነባበብ ነው) ሁናን የሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ተወላጅ የጦር መሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ነው የሞተው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዶሮውን ቀምሶት አያውቅም። የፈጠረው ፔንግ ቻንግ ክዌይ የተባለ የሁናን አብሳይ ነው፤ ከቻይና ወደ ታይዋን ሸሽቶ በ1950ዎቹ እዚያ ሠራው። የመጀመሪያው ስኳር አልነበረውም። ጨዋማ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ነበር። በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ምግብ ቤት ሲከፍት ለደንበኛው ብሎ ስኳር ጨመረ። ዛሬ የምናውቀው ያ ጣፋጩ ነው።

ለሶሱ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ አራት ማንኪያ ውሃና አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ቀድማችሁ በጥብጡ። የሩዝ አቼቶ ከሌለ በተለመደው አቼቶ ሥሩ፤ ግን እሱ ኃይለኛ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ ተኩል አይለፍ። መጥበሻ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት አግሉና ስምንት ዛላ በርበሬ ጣሉ። ፍሬውን ቀድማችሁ አራግፉት። ጠቆር ማለት ሲጀምር የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ። ብጥብጡን ድፉበት። ሲወፍርና ሲያብለጨልጭ ዶሮውን አስገቡ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አገላብጡና አውጡ። የእኛን የተደለዘ በርበሬ አትጠቀሙ። ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ምግቡን ወደ ወጥ ይወስደዋል።

ላዩ ላይ ሰሊጥ በትኑበት። የኢትዮጵያ ሰሊጥ ትልቁ ገዢ ቻይና ናት። ከሁመራ የሚወጣው ነጭ ሰሊጥ የቻይናን ወጥ ቤት ከእኛ በላይ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤት እንዲህ የበዛበት ምክንያት ሕግም አለበት። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ፤ ነጋዴዎችን ግን አልከለከለም። በ1915 የምግብ ቤት ባለቤትም እንደ ነጋዴ መታየት ጀመረ። ምግብ ቤት መክፈት ዘመድ የማምጫ መንገድ ሆነ። ሕጉ የተነሣው በ1943 ነው። ለማያውቁት ደንበኛ፣ በማያውቁት ከተማ፣ ገበያ ላይ ባገኙት አትክልት ያበስሉ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ጣፋጩን ሶስ «የውሸት ቻይና» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ቅር ይለኛል። ሰው ቤተሰቡን ያሳደገበት ምግብ ውሸት አይባልም።

ሕንድ፦ ቺሊ ቺክንና ማንቹሪያን

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይሄን ነው። አበሻም ቶሎ የሚለምደው ይመስለኛል። የሕንድ ቻይኒዝ መነሻው ኮልካታ ነው፤ እዚያ ሃካ የሚባሉት ቻይናውያን ሰፈር ከድሮ ጀምሮ አለ። ማንቹሪያን የሚባለውን ኔልሰን ዋንግ የተባለ የኮልካታ ልጅ በ1975 ሙምባይ እንደፈጠረው ይነገራል። የሕንድ አብሳይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ከትፎ ይጀምራል። እሱ ግን የሕንድ ቅመማ ቅመም ትቶ ሶይ ሶስና ስታርች ጨመረበት። ማንቹሪያ የሰሜን ምሥራቅ ቻይና አካባቢ ነው፤ የዚያ ሰው ግን ይሄን ምግብ አያውቀውም።

አሠራሩ ይኸው። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ስምንት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አራት ቃሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ። አንድ ቀይ ሽንኩርትና አንድ የፈረንጅ ቃሪያ በትልልቁ ቆርጣችሁ ጨምሩ። እዚህ ጋ የእኛ እጅ ይፈተናል። ሽንኩርቱ አይቁላላ። ሁለት ደቂቃ በኃይለኛ እሳት፣ ሲነከስ ቀጨም እንዲል። ቀጥላችሁ ሁለት ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ አንድ ማንኪያ ካቻፕ፣ ቁንዶ በርበሬ። ዶሮውን ለውሱና አውጡ። ይሄ «ድራይ» የሚሉት ነው። መረቅ ያለውን ከፈለጋችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ አንድ ማንኪያ ስታርች ደፍታችሁ አወፍሩት።

ለጾም ደግሞ ጎቢ ማንቹሪያን አለ። ጎቢ በሂንዲ አበባ ጎመን ነው። አንድ አበባ ጎመን በትናንሹ ገንጥሉ። 80 ግራም ፊኖ ዱቄት፣ 60 ግራም ስታርች፣ ጨውና ውሃ አቅጥናችሁ እንደ እርጎ የወፈረ ሊጥ አድርጉ። እንቁላል አይገባበትም። ነክራችሁ ልክ እንደ ዶሮው ሁለት ጊዜ ጠብሱት፣ በዚሁ ሶስ ለውሱት። ለሁዳዴ ሽሮና ምስር ሲደጋገምባችሁ ሞክሩት። ከሩዝ ጋር ሙሉ ምግብ ነው።

እንግሊዝ፦ ከችፕስ ጋር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሆንግ ኮንግ ገጠር ብዙ ሰው ወደ እንግሊዝ ሄደ። አብዛኛው ምግብ ቤት ውስጥ ሠራ። ብዙዎቹ የዓሣና ችፕስ ቤቶችን ገዝተው የቻይና ምግብ ጨመሩበት፤ ችፕሱን ግን አልተዉትም። የእንግሊዝ ቻይና ቤት ሜኑ ላይ ችፕስ የሚኖረው ለዚህ ነው። የሊቨርፑል ሰው ደግሞ ጨው፣ ቃሪያና ሽንኩርት የተለወሰበትን ችፕስ ይወዳል።

አጠባበሱ ላይ ትንሽ የሚለየው የእንግሊዙ ነው። ቺክን ቦል የሚሉት ዶሮውን በወፍራም ሊጥ ጠቅልለው ድቡልቡል አድርገው የጠበሱት ነው። ለጎቢ የሠራችሁትን ሊጥ ትንሽ አወፍራችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ከጨመራችሁበት ይሆንላችኋል። ቀዩ ሶስ ቀላል ነው፦ አራት ማንኪያ ካቻፕ፣ ሦስት ማንኪያ አቼቶ፣ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ የአናናስ ጭማቂ፤ በስታርች አወፍሩት። ዶሮው ላይ አትድፉት። ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርባል።

የካሪ ሶስ ከፈለጋችሁ አንድ ሽንኩርት በዘይት አለስልሱ፣ ሁለት ማንኪያ የካሪ ዱቄትና አንድ ማንኪያ ፊኖ ጨምሩ፣ ግማሽ ሊትር የዶሮ መረቅ አፍስሱ፣ 15 ደቂቃ ቀቅሉና ፍጩት። ትንሽ ስኳርና ሶይ ሶስ ያስተካክለዋል። ችፕስ ላይ ነው የሚፈሰው።

አየርላንድ፦ ስፓይስ ባግ

ከአራቱ ወጣቱ ይሄ ነው። በ2010 አካባቢ ደብሊን ውስጥ ከአንድ ቻይና ቤት ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ። ሶስ የለውም። ዶሮውን በረጅሙ ቆርጣችሁ ጠብሱ። ችፕስም ጠብሱ። ሽንኩርት፣ የፈረንጅ ቃሪያና ቃሪያ በኃይለኛ እሳት አንድ ደቂቃ አገላብጡ። ከዚያ ቅመሙን አዘጋጁ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ዛላ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ «ፋይቭ ስፓይስ» የሚባል የቻይና ቅመም። ፋይቭ ስፓይስ ካላገኛችሁ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የእንስላል ፍሬና ስታር አኒስ አብራችሁ ፍጩ። ቅርንፉዱ ትንሽ ይሁን፤ ሌላውን ይውጠዋል። ሁሉንም ንጹሕ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ አፉን ጠቅልሉ፣ በደንብ ነቅንቁት።

ደረጃ 5፦ ያደረውን ሩዝ ጥበሱ

ቀዝቃዛውን ሩዝ በእጃችሁ ፈልፍሉት። መጥበሻው ጭስ ማውጣት እስኪጀምር ይጋል። ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ጥበሱ፤ ብዙ ከጨመራችሁ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሁለት እንቁላል በዘይት አንዴ አገላብጣችሁ አውጡ። ዘይት ጨምሩ፣ ሩዙን አስገቡ፣ ጠርዝ ጠርዙ እስኪደርቅ ሦስት ደቂቃ አማስሉ። እንቁላሉን መልሱ፣ ጨው፣ የአረንጓዴ ሽንኩርት ቅጠል፣ አለቀ።

እንግሊዞች እዚሁ ላይ ያቆማሉ። ሩዛቸው ነጣ ያለ ነው። አሜሪካኖች ሶይ ሶስ ጨምረው ያጠቁሩታል። ፔሩዎች ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ያበዙና «ቻውፋ» ይሉታል፤ ስሙ ከካንቶን ቻይንኛ የተወሰደ ነው። ከ1849 እስከ 1874 ድረስ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ቻይናውያን ለከባድ የእርሻ ሥራ ወደ ፔሩ ተወስደዋል። የቻይና ምግብ ቤትን ዛሬም «ቺፋ» ነው የሚሉት።

ቤት ሳትሠሩ ስታዙ

ጿሚ ከሆናችሁ «አትክልት ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ሦስት ነገር ጠይቁ። ፍራይድ ራይሱ ላይ እንቁላል አለ ወይ? ሶሱ የዶሮ መረቅ ወይም ከባሕር ምግብ የሚሠራው ኦይስተር ሶስ አለበት ወይ? ኑድሉ የእንቁላል ነው ወይ? ማፖ ቶፉ የሚባለውም ስሙ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የተፈጨ ሥጋ አለበት።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ኤግ ሮል የሚባለው የተጠበሰ ጥቅል ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለው። «ሃውስ ስፔሻል» የሚለው ፍራይድ ራይስም እንደዚያው። መጥበሻ ዘይቱ የጋራ መሆኑንም ጠይቁ። በትሕትና ከጠየቃችሁ አብዛኛው ቤት በግልጽ ይነግራችኋል።

የተረፈውን ማስቀመጥ

ዶሮውና ሶሱ ለየብቻ ይቀመጡ። ዶሮውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ካሞቃችሁት ይለሰልሳል። በ200 ዲግሪ ኦቨን ስምንት ደቂቃ ወይም በደረቅ መጥበሻ አሙቁት፣ ሶሱን ለብቻው አፍሉና ያኔ ለውሱት።

ለጎረቤት የምትልኩም ከሆነ በዚሁ መንገድ ለየብቻ አሽጉ። አሜሪካ ውስጥ የምናያት ታጣፊ የወረቀት ሣጥን በ1894 ቺካጎ ውስጥ ነው የባለቤትነት መብት የወጣላት፤ በዚያን ጊዜ ሰው የሚይዝባት ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ምግብ ነበር። ላዩ ላይ በምትቀረው ክፍተት እንፋሎት ስለሚወጣ ዶሮውን አያልበውም። የፕላስቲክ ዕቃ የምትጠቀሙ ከሆነ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት።